ጣሪያ ላይ ሶላር፣ ቤት ውስጥ ጨለማ፦ ላለን ሶላር ባትሪ እንዴት እንጨምር?

ባለፈው ሐምሌ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ አራት ኪሎ ላይ ያ ጆሮ የሚያደነቁር ዝናብ ወረደ። ነጎድጓዱ አንዴ ሲጮህ መብራት ሄደ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዝናቡ አባራ፤ ፀሐይ ፏ ብላ ወጣች። ጣሪያዬ ላይ ያሉት አራት ፓነሎች ታጥበው ያብረቀርቃሉ። ቤት ውስጥ ግን ፍሪጁ ዝም፣ ዋይፋዩ ዝም፣ ስልኬ 6 ፐርሰንት።

ሲሸጡልኝ ያልነገሩኝ አንድ ነገር ነበር። የኔ ኢንቨርተር (የፓነሉን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚለውጠው ማሽን) የሚሠራው የመንግሥት መብራት እስካለ ድረስ ብቻ ነው። መስመሩ ሲሞት እሱም አብሮ ይተኛል። ብልሽት እንዳይመስላችሁ፣ ሆን ተብሎ እንዲህ ነው የተሠራው። እንዲህ ባይሆን ኖሮ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ሽቦ የሚጠግነውን ሠራተኛ ከኔ ጣሪያ የወጣ ኤሌክትሪክ ይይዘው ነበር።

ስለዚህ ባትሪ ጨመርኩ። አንዳንዱን በትክክል፣ አንዳንዱን ተሳስቼ። እናንተ ከስህተቴ እንድትጀምሩ ነው የምጽፈው።

ከመነሻው አንድ ነገር እንግባባ። ስለ ባትሪ ኢንተርኔት ላይ የምታነቡት ምክር ብዙ ጊዜ የተጻፈው በባሕር ዳርቻ አውሎ ነፋስ ለሚመታቸው አገሮች ነው። በፈረንጆቹ 2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ሲመታ ደሴቷ በሙሉ ጨለመች፤ መብራት ለወራት ያላገኙ ሰፈሮች ነበሩ። እዚያ ያለ ሰው ባትሪ ሲገዛ የሚያስበው ለቀናትና ለሳምንታት ነው። የኛ ችግር ሌላ ነው። የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። የኛ ሰፈር መብራት የሚሄደው ግን ትራንስፎርመር ሲቃጠል፣ ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ ሲወድቅ፣ በበዓል ዋዜማ ሁሉም ምጣዱን ባንዴ ሲሰካ ነው። ሄዶ ይመጣል፣ መጥቶ ይሄዳል። ለሰዓታት እንጂ ለሳምንት አይደለም። ስለዚህ የኛ ባትሪ ትንሽ ቢሆንም ያደርሳል።

ሌላም ልዩነት አለ። ባትሪውን በጣም የምንፈልገው በክረምት ነው፤ ፀሐይዋ የምትደክመውም በዚያው በክረምት ነው። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ባትሪያችሁን በዋናነት የሚሞላው መብራቱ ራሱ ነው። ሲመጣ ሞልታችሁ፣ ሲሄድ ትጠቀማላችሁ። ሶላሩ ረዳት ነው። ይህን ካልተቀበላችሁ የምትገዙት ሁሉ ልኩን ይስታል።

መጀመሪያ ያላችሁን እወቁ

ኢንቨርተሩ ጎን ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ አንሱ። ሦስት ነገር ፈልጉበት፦ ባትሪ ይቀበላል ወይ፣ ከተቀበለ ስንት ቮልት (12፣ 24 ወይስ 48)፣ ስንት ዋት ያወጣል። የባትሪ ቦታ ከሌለው ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ፓነሉን፣ ባትሪውንና መብራቱን ባንድ ላይ በሚያስተናግድ፣ ሃይብሪድ በሚባል ኢንቨርተር መለወጥ ነው። ሌላው ነባሩን ሳይነኩ ለብቻው የራሱ ኢንቨርተር ያለው ባትሪ ከጎን መጨመር። አነስ ላለ ቤት የመጀመሪያው ይቀላል፤ ሁለት ማሽን እንዲግባባ ከማድረግ አንዱን መግዛት ጣጣው ያነሰ ነው። ፓነሎቹ አይለወጡም።

ሃይብሪድ ስትገዙ መግለጫው ላይ ከፍታ የሚለውን አንብቡ። ሻጩም ገዢውም የሚዘሉት መስመር ነው። ብዙ ኢንቨርተሮች ሙሉ አቅማቸውን የሚሰጡት እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ እንደሆነ ይጽፋሉ። አዲስ አበባ መሃሉ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ማሽኑ በደንብ አይቀዘቅዝም። ስለዚህ 4 ኪሎዋት ያስፈልገኛል ካላችሁ 5 ግዙ።

ሁለት ሳምንት ጻፉ

እኔ የዘለልኩት ደረጃ ይሄ ነው፣ ኋላ ላይ ተመልሼ ሠራሁት። ደብተር በር አጠገብ አንጠልጥሉ። መብራት የሄደበትንና የመጣበትን ሰዓት ጻፉ። የኔ ደብተር ላይ ብዙው ከሁለት ሰዓት በታች ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱ ግን ማታ ጀምረው እስከ ንጋት ዘልቀዋል። ባትሪ የሚለካው በረጅሙ ነው። እኔ 10 ሰዓት ብዬ ያዝኩ።

ከዚያ ሒሳቡ። ቆጣሪያችሁ የሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ባትሪም የሚሸጠው በዚያው ነው። በጠፋበት 10 ሰዓት ውስጥ የግድ የምፈልጋቸው እነዚህ ናቸው። ስድስት የ9 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት፣ 0.27። ፍሪጅ፣ እየበራ እየጠፋ ስለሚሠራ፣ 0.5 ገደማ። ዋይፋይ 0.1። ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት 0.32። ላፕቶፕና ስልክ 0.24። ኢንቨርተሩ ራሱ ለመንቃት ብቻ 50 ዋት ይበላል ብንል፣ 0.5። ይህቺን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል። ድምሩ 1.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው።

አሁን ምጣዱን እንይ፤ ክርክሩ ሁልጊዜ የሚነሳው እዚህ ነውና። እናቴ «ይሄ ሁሉ ብር ወጥቶ እንጀራ ካልጋገረማ ምኑን ባትሪ ሆነ?» አለችኝ። ልክ ናት፤ ግን እንቁጠር። የኛ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ነው። እስኪግል 15 ደቂቃ። ከዚያ አንዱ እንጀራ 3 ደቂቃ ቢፈጅ 20 እንጀራ አንድ ሰዓት። በድምሩ 1 ሰዓት ከሩብ፣ 4.4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። በብዛት ገበያ ላይ ያለው የቤት ባትሪ ደግሞ 51.2 ቮልት (ለ48 ቮልቱ ኢንቨርተር የሚሆነው)፣ 100 አምፔር ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 5.12 ኪሎዋት ሰዓት። 90 ፐርሰንቱን ብቻ ብንጠቀም፣ ኢንቨርተሩ ውስጥ የሚባክነው ሲቀነስ፣ እጃችን የሚገባው 4.1 ገደማ ነው። እንጀራው ሳያልቅ ባትሪው ያልቃል። ያ ባትሪ ግን መብራቱን፣ ፍሪጁንና ዋይፋዩን ለሁለት ረጅም ሌሊት ይሸከማል።

ካላመናችሁ ራሳችሁ ለኩት። ካርድ ቆጣሪ ካላችሁ ከመጋገሩ በፊትና በኋላ የቀረውን አንብቡ። እናቴ ቁጥሩን ካየች ወዲህ መብራት ሲመጣ ነው የምትጋግረው።

ምጣድ፣ ምድጃ፣ ቦይለር፣ ካውያ ከባትሪው ውጭ ይሁኑ። የውሃ ፓምፕ ካላችሁ ተጠንቀቁ፤ 0.75 ኪሎዋት የሚል ዲናሞ ሲነሳ ለቅጽበት ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ይስባል። ኢንቨርተሩ ካልቻለው ቤቱን በሙሉ ያጠፋዋል።

ባትሪው ራሱ

ሁለት ምርጫ አለ። የእርሳስ ባትሪ (ጄል የሚባለውም የሱ ዘመድ ነው) እና ሊቲየም። ከሊቲየም ውስጥ ለቤት የሚሆነው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው፤ ከሌሎቹ የሊቲየም ዓይነቶች ይልቅ በቀላሉ እሳት አይነሳበትም።

የእርሳሱ ዋጋ መጀመሪያ ላይ ያጓጓል። ግን ዕድሜው እንዲረዝም ከፈለጋችሁ ግማሹን ብቻ ነው መጠቀም ያለባችሁ። ከግማሽ በታች ደጋግማችሁ ካወረዳችሁት ጥቂት መቶ ዙር (ዙር ማለት አንዴ ሞልቶ አንዴ መውረድ ነው) ሠርቶ ይደክማል። ሊቲየሙ 90 ፐርሰንቱን እየተጠቀማችሁበት 3,000 ዙርና ከዚያ በላይ ይሄዳል። እኔ መጀመሪያ ያገለገለ የመኪና ባትሪ ነበር የገዛሁት። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት ለአፍታ ብዙ እንዲሰጥ የተሠራ ነው፤ ቀስ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ እንዲሰጥ አይደለም። በአምስት ወሩ ሞተ። ገንዘቤን ውሃ በላው።

መርካቶም ሂዱ፣ ሌላ ሱቅ፣ ብር ሳትሰጡ በፊት እነዚህን አድርጉ። የተመረተበትን ቀን ጠይቁ። ሙልቲ ሜትር ይዛችሁ ሂዱና ቮልቱን ለኩ፤ የ51.2ቱ ሊቲየም ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ከ48 በታች ካነበበ ሞልተው ያሳዩአችሁ፣ ካልሆነ ተዉት። ክብደቱን አንሱት፤ 100 አምፔር ሰዓት የሚል ጽሑፍ ያለበት ግን ከሌሎቹ በግልጽ የሚቀል ከሆነ ውስጡ ሌላ ነው። ባትሪው ከኢንቨርተራችሁ ጋር በመገናኛ ገመድ ይነጋገር እንደሆነም ጠይቁ። የሊቲየም ቮልት ከላይ እስከ ታች ብዙም ስለማይለወጥ በቮልት ብቻ ስንት እንደቀረው ማወቅ ያስቸግራል። ባትሪው ራሱ «አሁን 62 ፐርሰንት ነኝ» ብሎ ካልነገረው ኢንቨርተሩ ይገምታል። ግምቱ ደግሞ ማታ 3 ሰዓት ላይ ያዋርዳችኋል።

ዋስትናውን በደረሰኝና በማኅተም ተቀበሉ። «አምጣው፣ እንቀይርልሃለን» የሚለውን ቃል እኔ ሞክሬዋለሁ።

የት ይቀመጥ?

ባሕር ዳር ያሉት ስለ ጨውና ስለሚገነፍለው ማዕበል ይጨነቃሉ። የኛ ማዕበል አሸንዳው ሲሞላ ግቢ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ ነው። በተለይ ቀበና ወይም ግንፍሌ ወንዝ አጠገብ ካላችሁ ባትሪውን መሬት ላይ አታስቀምጡ። ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ያለ የብረት መደርደሪያ፣ ወይም ጠንካራ የብሎኬት ግድግዳ ላይ። የጭቃ ግድግዳ ወደ 50 ኪሎ የሚመዝን ነገር አይሸከምም።

መኝታ ቤት አይሁን። ማድ ቤትም አይሁን፤ እንፋሎትና ዘይት አለ። ከቆርቆሮው ሥር ያለው ኮርኒስም አይሆንም፤ የካቲትና መጋቢት ላይ ምድጃ ነው። የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ሲሞላ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ አየር የሚገባበት ቦታ ግድ ነው፤ አጠገቡ ከሰልም ሻማም አይለኮስ። እኔ ሰርቪስ ቤቱ በረንዳ ላይ፣ ከጣሪያው ክዳን ሥር፣ የሚቆለፍ የወንፊት በር ሠርቼ አስቀምጫለሁ። ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ ጣሪያውም ኮሪደሩም የጋራ ነው፤ መጀመሪያ ማኅበሩን በጽሑፍ አስፈቅዱ።

የተለየ መስመር

ይህን ለፈቃድ ላለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ተዉት። ግን ምን እንደሚሠራ ቆማችሁ እዩ። ቆጣሪውንና ከሱ በፊት ያለውን ነገር አትንኩ፣ አታስነኩ፤ እሱ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ነው። ፓነላችሁ ከመስመሩ ጋር የሚገናኝ ከሆነም ባለሙያው ለአገልግሎቱ እንዲያሳውቅ ጠይቁት።

ሥራው ባጭሩ ይህ ነው። ከዋናው የብሬከር ሳጥን አጠገብ ሁለተኛ ትንሽ ሳጥን ይገባል። አምፖሎቹ፣ የፍሪጁ ሶኬት፣ የሳሎኑ ሶኬት ወደሱ ይዛወራሉ። ያ ሳጥን ከኢንቨርተሩ ይመገባል። ምጣዱና ቦይለሩ አሮጌው ሳጥን ላይ ይቀራሉ። እንዲህ ሲሆን ማንም አሮጌው ሳጥን ላይ ባለ ሶኬት ካውያ ቢሰካ ባትሪው አይነካም። በአሮጌ ቤት አስቸጋሪው ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) ነው፤ የሁለቱ ሳጥን ኒውትራል ከተቀላቀለ ብሬከር ያለ ምክንያት ይወርዳል። የኔ ቤት ሽቦ የተዘረጋው በማን ዘመን እንደሆነ እንጃ፤ ይሄንን ብቻ ለመለየት አንድ ቀን ሙሉ ፈጅቷል።

ኢንቨርተሩ ሲበላሽ ቤቱን በቀጥታ ወደ መብራት የምትመልሱበት ቸንጅ ኦቨር አስገቡ። ጄኔሬተር ያለው ሰው በሁለት በኩል ተባዕት ሶኬት ባለው ገመድ ቤቱን ሲያበራ አይቻለሁ። ያ ገመድ ሰው ይገድላል።

ባትሪውና ኢንቨርተሩ መካከል ያለው ኬብል ቀልድ አያውቅም። 5 ኪሎዋት በ48 ቮልት ሲወጣ ከ100 አምፔር በላይ ነው። 35 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ፣ ርዝመቱ ከ2 ሜትር ያልበለጠ። ጫፉ ላይ የሚጨመቀው የመዳብ ጆሮ በመጨመቂያ መሣሪያ እንጂ በመዶሻ አይደለም የሚጨመቀው። ብሬከሩ ለዲሲ (ከባትሪና ከፓነል ለሚወጣው ኤሌክትሪክ) የተሠራ ይሁን። የኤሲው (የመብራት መስመሩ) ብሬከር መልኩ አንድ ዓይነት ነው፤ ነገር ግን በዲሲ ሲቆርጥ ብልጭታው አይጠፋለትም፣ ይቀልጣል።

መብረቅ

እዚህ ላይ ቆጥባችሁ ሌላ ነገር አትግዙ። በክረምት የሚያቃጥለው በቀጥታ የሚመታው መብረቅ ብቻ አይደለም፤ ራቅ ብሎ የወደቀው በሽቦው በኩል የሚልከው ግፊት ነው ይበልጥ የሚደጋገመው። ያንን ግፊት ወደ መሬት የሚያወርድ ሁለት ሰርጅ ፕሮቴክተር ያስፈልጋል፤ አንዱ ከፓነሉ በሚመጣው ዲሲ ላይ፣ አንዱ ከቆጣሪ በሚመጣው ኤሲ ላይ። ሁለቱም ያለ ኤርዝ ጌጥ ናቸው። የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ገብቶ፣ የፓነሉ ብረት፣ የኢንቨርተሩ አካልና ሰርጅ ፕሮቴክተሮቹ ሁሉ ወደሱ ይገናኛሉ። ባለሙያው በመለኪያ ለክቶ 10 ኦምና ከዚያ በታች ያሳያችሁ። «ደህና ነው» ማለት መለኪያ አይደለም።

ሰርጅ ፕሮቴክተሩ ላይ ትንሽ መስኮት አለች። አረንጓዴ ከሆነች ደህና፤ ቀይ ከሆነች ሥራውን ሠርቶ ሞቷል፣ ይቀየራል። ከከባድ ነጎድጓድ በኋላ እሷን ማየት ልማድ አድርጉ።

ጣሪያ ላይ እያላችሁ የፓነሉን ማሰሪያም እዩ። ብሎኑ ቆርቆሮውን ብቻ ከያዘ ንፋስ ይነቅለዋል፤ ሞራሌው ውስጥ መግባት አለበት። በረዶ ብዙም አያስፈራ። ደረጃውን ያሟላ ፓነል 25 ሚሊ ሜትር የሚያህል የበረዶ ኳስ በሴኮንድ 23 ሜትር ፍጥነት እየተተኮሰበት የተፈተነ ነው።

መለኮስና ማስተካከል

ሁሉም ብሬከር ወርዶ ይጀመራል። መጀመሪያ ባትሪው፣ ከዚያ ፓነሉ፣ ከዚያ መብራቱ፣ መጨረሻ ላይ የቤቱ መስመር። ስታጠፉ ወደኋላ። ባትሪውን ከማገናኘታችሁ በፊት ፕላስና ማይነሱን ሁለቴ ለኩ። አንዴ ቢገለበጥ ኢንቨርተሩ ለዘላለም ያርፋል።

ሴቲንጉ ውስጥ የባትሪውን ዓይነት ምረጡ። ሊቲየም ሆኖ ሴቲንጉ የእርሳስ ላይ ከቀረ ኢኳላይዜሽን የሚባለው፣ ለእርሳስ ባትሪ የታሰበው ከፍ ባለ ቮልት መሙላት፣ ባትሪውን ከልክ በላይ ሊገፋው ይችላል፤ አጥፉት። ባለ 16 ሴሉ 51.2 ቮልት ሲሞላ 56 ቮልት አካባቢ ይበቃዋል፣ የፋብሪካው ወረቀት ሌላ ካላለ። የመሙያውን ፍጥነት ለ100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከ50 አምፔር አታሳልፉት። እኔ 30 ላይ ነው ያደረግኩት።

ብዙዎቹ ኢንቨርተሮች ላይ ዩፒኤስ እና አፕላያንስ የሚል ምርጫ አለ። ዩፒኤስ ላይ ካደረጋችሁት የመብራቱ ቮልት ከ170 ሲወርድ ወደ ባትሪ ይዞራል። አፕላያንስ ላይ እስከ 90 ድረስ ይታገሣል። ማታ ማታ ቮልት የሚወርድበት ሰፈር ውስጥ ካላችሁ ዩፒኤሱ ፍሪጃችሁን ያድናል፣ ግን መብራት «እያለ» ባትሪያችሁ ያልቃል። እኔ ዩፒኤስን መርጫለሁ፤ ፍሪጅ ከባትሪ ዙር ይልቅ ውድ ነው።

አሁን ሰዓቱ። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ከመብራት እንዲሞላ ብዬ 6:00 ብዬ አስገባሁ። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ለሳምንት ያህል ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሻይ ሲያፈላ፣ ሲሞላ ከረመ። የቀን ሰዓት ከሆነ 6 ጨምሩ። የማታና የሌሊት ከሆነ 18 ጨምሩና ከ24 ከደረሰ 24 ቀንሱ። ምሽት 4 ሰዓት 22:00 ነው፤ ሌሊት 6 ሰዓት 0:00።

መጨረሻ ላይ መጠባበቂያው፣ መብራት እያለ ባትሪው ከዚያ በታች የማይወርድበት ልክ። በበጋ፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ ባትሪው በየማታው እስከ 30 ፐርሰንት ይውረድ፤ ጠዋት ፀሐይ ትሞላዋለች። የመብራት ታሪፍ በፍጆታ ልክ እየጨመረ ስለሚሄድ ከሶላር የምታገኙት የሚቀንስላችሁ ከላይኛው፣ ከውዱ እርከን ነው። ሰኔ ሲገባ ግን መጠባበቂያውን 80 ላይ አድርጉትና ከመብራት መሙላትን ክፈቱ። ያኔ ባትሪው ተቀምጦ ይጠብቃችኋል።

ሳትታመኑበት ፈትኑት

እሑድ ማታ ሁሉም ቤት እያለ፣ ዋናውን ብሬከር ራሳችሁ አውርዱት። አምፖሎቹ ብልጭ ብለው ይቀጥላሉ? ዋይፋዩ ሳይቋረጥ ቀጠለ ወይስ ጠፍቶ ከአዲስ ጀመረ? ሁለት ሰዓት አቆዩትና ፐርሰንቱ ስንት እንደወረደ ጻፉ። ከሒሳባችሁ በእጥፍ ከወረደ የሆነ ሰው የሆነ ነገር ሰክቷል። እኛ ቤት የእህቴ የፀጉር ማድረቂያ ነበር፤ 1,800 ዋት፣ ሳሎን ሶኬት ላይ።

በወሩ ኬብሎቹን በእጅ ጀርባ ንኩ። የሞቀ ጫፍ ካለ ብሎኑ ላልቷል፤ ሁሉን አጥፍታችሁ አጥብቁት። ፓነሉን በበጋ አቧራ ሲለብስ ጠዋት ገና ሳይሞቅ በውሃ እጠቡ። ክረምት ራሱ ያጥበዋል።

አንዳንድ የውጭ አገር ባትሪዎች የአየር ትንበያ ተከታትለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ራሳቸውን 100 ፐርሰንት ይሞላሉ። የኔ ማሽን እንዲህ ያለ ነገር የለውም። እናቴ ግን አለች። ከምሳ በኋላ በረንዳ ላይ ወጥታ ወደ ላይ ታያለች፤ «በእንጦጦ በኩል ጠቁሯል፣ ያንን ነገር ሙላው» ትለኛለች። ቡናው ሳይፈላ 100 ላስገባው እሮጣለሁ።